የሻጋታ መርዝና የእህል ንግድ፤ ከፉሪ እስከ ጅቡቲ ወደብ

ፉሪ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በስሙ በሚጠራው ተራራ አጠገብ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከከተማው ወደ ሰበታና ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በዚሁ አቅጣጫ ያልፋል። በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር የመንገደኞች ጣቢያም የፉሪን ስም ከለቡ ጋራ አጣምሮ ይዟል። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ በዚህ ሰፈር በኩል ሁለት የንግድ ጉዞዎች ይተላለፋሉ። አንደኛው ለከተማው ገበታና ለከተማው ላሞች የሚመጣው እህልና መኖ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ወደብ ወርዶ ባሕር የሚሻገረው ዕቃ ነው። ሁለቱንም ጉዞዎች የሚያሰጋ አንድ የጋራ ጠላት አለ፤ ይኸውም ሻጋታ ነው።

እህል የሚነግድ ሰው ሻጋታን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ጆንያውን ሲፈታ ሽታው ይነግረዋል፤ ቀለሙ የተለወጠውን ፍሬ ዐይኑ ይለየዋል፤ ዋጋውንም እንደ ብልሽቱ መጠን ይቀንሳል። ዛሬ የዓለም ገበያ የሚያቀርበው ጥያቄ ግን ከዚህ አልፎ የሚሄድ ነው። ገዢው የሚጠይቀው ሻጋታው መታየቱንና አለመታየቱን ብቻ ሳይሆን፣ ሻጋታው በእህሉ ውስጥ ትቶት የሄደውን ነገር ነው። ሻጋታው ከተራገፈ፣ ፍሬው ታሽቶ ከጸዳ፣ ከደረቀና ከተፈጨም በኋላ መርዙ በውስጡ ይኖራል። ይህ መርዝ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ በእህሉ ላይም በዐይን አይታይም። ነጋዴው በልምዱ ብቻ ሊያውቀው ስለማይችል፣ ስለ አፈጣጠሩና ስለ መከላከያው የተረጋገጠውን ነገር ማወቅ ይገባዋል።

መርዙ የታወቀበት ሁኔታ

ነገሩ በሊቃውንት ዘንድ በግልጽ የተደረሰበት በ1960 በእንግሊዝ አገር ነው። በዚያ ዓመት ከ100,000 የሚበልጡ የቱርክ ዶሮዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ለበሽታው ስም ስላልተገኘለት «የቱርክ ዶሮ ኤክስ በሽታ» ተባለ። ሐኪሞች ተላላፊ ጀርም ቢፈልጉ አላገኙም። በመጨረሻ የሞቱት ዶሮዎች የተመገቡት መኖ ሲመረመር፣ ከብራዚል በመርከብ የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ የተቀላቀለበት መሆኑ ታወቀ። ፋጉሎው አስፐርጊለስ ፍላቩስ የተባለ ቢጫና አረንጓዴ መልክ ያለው ሻጋታ የበቀለበት ነበር። ከሻጋታው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተውጣጥተው መርዙ አፍላቶክሲን ተባለ።

ለነጋዴ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዕቃው የተበላሸው በአንድ አገር ሲሆን ጉዳቱ የታየው ውቅያኖስ ተሻግሮ በሌላ አገር ነው። መርዙ ከመጀመሪያ ጀምሮ የታወቀው በሸቀጥ፣ ያውም ከውጭ በገባ ሸቀጥ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡት የቁጥጥር ሕጎች ሁሉ በወደቦች ላይ ጠንክረው የሚሠሩትም ስለዚህ ነው።

ሻጋታው መርዙን እንዴት ይሠራል

ሻጋታው መኖሪያው አፈር፣ የወደቀ ገለባና የበሰበሰ ቅጠል ነው። ዘሩ እንደ ትቢያ የረቀቀ ስለሆነ ነፋስ ይበትነዋል፤ ነፍሳትም ከፍሬ ወደ ፍሬ ያጓጉዙታል። በእህሉ ላይ ካረፈ በኋላ ቀጭን ክር የመሰለ አካሉን በፍሬው ውስጥ ይዘረጋል። አመጋገቡም እንደ እንስሳ በመዋጥ አይደለም። የሚያሟሟ ፈሳሽ ወደ ፍሬው ያመነጫል፣ በዚያም ገንቢውንና ቅባቱን አሟሙቶ ይመጠዋል።

መርዙ ለሻጋታው ምግብ አይደለም፤ ከምግቡ ከሚተርፈው ነገር የሚሠራው ነው። ሻጋታው ከሆምጣጤ አሲድ ጋራ የሚዛመዱ ጥቃቅን ቅንጣቶችን እንደ ሰንሰለት አንዱን በአንዱ ላይ ይቀጥላል፤ ሰንሰለቱንም ደረጃ በደረጃ እያጠፈና እያሰረ አፍላቶክሲን ያደርገዋል። ለዚህ ሥራ ከ25 ያላነሱ ጂኖች በአንድነት ያገለግላሉ። ሻጋታው ይህን ያህል የሚደክምበት ምክንያት በሊቃውንት አስተያየት ሙቀትና ድርቀት የሚያመጡበትን ጭንቀት ለመቋቋምና በአንድ ምግብ የሚሻሙትን ነፍሳት ለማራቅ ነው።

መርዙ የሚሠራበት ጊዜ ሁለት ነው። የመጀመሪያው እህሉ ገና በማሳ ሳለ ነው። ዝናብ ቀድሞ ሲቋረጥና አፈሩ ሲሞቅ ተክሉ ይደክማል፤ የኦቾሎኒ ፍሬ በአፈር ውስጥ ስለሚያድግ ከሻጋታው ጋራ ፊት ለፊት ይገናኛል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሳምንታት ድርቅ የገጠማቸው እንደ ሆነ፣ ገበሬው ንጹሕ መስሎት የሚነቅለው ኦቾሎኒ መርዝ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛው ጊዜ ከአጨዳ በኋላ በማድረቂያ፣ በጎተራና በመጓጓዣ ላይ ነው። ሻጋታው መርዙን በብዛት የሚሠራው ሙቀቱ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆንና እህሉ በቂ እርጥበት ሲኖረው ነው። በቆሎና ስንዴን የመሰለው እህል የውሃ መጠኑ ከመቶው 13 በታች፣ ቅባት የበዛበት ኦቾሎኒ ደግሞ ከመቶው 7 ወይም 8 በታች ከሆነ ሻጋታው ሊያድግ አይችልም። ነቀዝ የገባበት እህል ግን ይህ ጥበቃ ይጎድለዋል፤ ነቀዙ ፍሬውን ይበሳዋል፤ በመተንፈሱም በጆንያው መካከል ሙቀትና እርጥበት ይፈጥራል።

የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ደጋ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ለዚህ ሻጋታ እጅግም አይመቸውም። ነገር ግን ነጋዴው በዚህ ሊታለል አይገባውም። በርበሬው ከአላባ፣ ከማረቆና ከቡሬ፣ ኦቾሎኒው ከሐረርጌ ቆላ፣ ኑጉም ከጎጃምና ከወለጋ ወደ ከተማው ሲገባ ብልሽቱን ከመንገዱ ወይም ከማሳው ይዞት ሊመጣ ይችላል። ብርድ ሻጋታውን ያቆመዋል እንጂ የተሠራውን መርዝ አያጠፋውም። እሳትም ቢሆን አይበቃውም። መርዙ በደረቅ ሁኔታ የሚፈርሰው ከ230 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ስለሆነ፣ ወጥ በመሥራት፣ ወተት በማፍላት ወይም እንጀራ በመጋገር አይወገድም፤ መቁላት ጥቂቱን ቢቀንስ እንኳ አይጨርሰውም።

በሰው አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በጉበት ይጀምራል። ጉበት መርዙን ለማስወገድ ሲሞክር መልኩን ይለውጠዋል፤ የተለወጠውም መርዝ ከሕዋሱ የዘር ሐረግ ጋራ ይጣበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ1987 አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ረድፍ መድቦታል። የሄፓታይተስ ቢ በሽታ ካለበት ሰው ጋራ ሲገናኝ አደጋው እስከ 30 እጥፍ ይደርሳል። በብዛት በአንድ ጊዜ ሲበላ ደግሞ ወዲያውኑ ይገድላል። በ2004 በጎረቤት አገር በኬንያ እርጥብ ተከማችቶ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል።

በኢትዮጵያ የተደረሰበት

አፍላቶክሲን ብቻውን የሻጋታ መርዝ አይደለም። በኢትዮጵያ ታሪክ በሰው ላይ በግልጽ የታየው ታላቅ ጉዳት የመጣው ኤርጎት ከሚባለው ሌላ ፈንገስ ነው። ይህ ፈንገስ በእህል ዛላ ላይ በፍሬው ቦታ ጥቁር ቀንድ የመሰለ ነገር ያበቅላል፤ የደም ሥርን አጥብቆ ስለሚዘጋ የተመረዘው ሰው እጅና እግሩ ደም አጥቶ ይሞትበታል። በ1977 እና በ1978 በወሎ በዋድላ ደላንታ ከገብስ ጋራ የተቀላቀለ ሲናር ይህን ፈንገስ ይዞ በመገኘቱ ብዙ ሰዎች አካላቸውን አጥተዋል፤ የሞቱም አሉ። በ2001 ደግሞ በአርሲ ገብስ ከበሉ ሰዎች መካከል ይኸው በሽታ እንደገና ታይቷል። ኤርጎት ቢያንስ በዐይን ይታያል፤ በጥንቃቄ በማበጠርና በመልቀም ሊለይ ይችላል። አፍላቶክሲን ግን ይህን ዕድል አይሰጥም።

በ1996 በወጣ ጥናት በአዲስ አበባ የሚሸጥ ሽሮና የተፈጨ በርበሬ ተመርምሮ፣ አብዛኛው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ በጥቂቱ ግን አፍላቶክሲን ተገኝቶበታል። በ2006 ዶክተር አማረ አያሌውና ባልደረቦቻቸው በጤፍ፣ በስንዴ፣ በገብስና በማሽላ ላይ ያደረጉትን ምርመራ አሳትመዋል። ከ352 ናሙናዎች ከመቶው 9 በሚያህሉት አፍላቶክሲን ቢ1 ሲገኝ፣ ኩላሊትን የሚጎዳው ኦክራቶክሲን ደግሞ ከተመረመሩት ከመቶው 24 በሚሆኑት ተገኝቷል። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ 120 የኦቾሎኒ ናሙናዎች በ93ቱ አፍላቶክሲን መኖሩን አሳየ፤ ከፍተኛው መጠን በኪሎግራም 11,900 ማይክሮግራም ደርሷል። የአፍሪካ ኅብረትም በ2012 አዲስ አበባ ላይ መርዙን የሚከላከል ልዩ የትብብር ድርጅት አቋቁሟል።

ፋጉሎና ወተት

ለፉሪና ለአካባቢው ነጋዴ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ጉዳይ የወተት ነገር ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ላም የሚያልቡ ሰዎች የግጦሽ መሬት ስለሚያጥራቸው መኖ ይገዛሉ። ከሚገዙትም መካከል ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ዋነኞቹ ናቸው። ፋጉሎ በዘይት መጭመቂያ የሚተርፍ ጠንካራ ቅሪት ሲሆን፣ ሥጋና ወተት በሚያበዛ ገንቢ ነገር የተመላ ነው። ነገር ግን ከኑጉ ጋራ የገባው መርዝ አብዛኛው ከዘይቱ ጋራ አይወርድም፤ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ፋጉሎውም እርጥበት ባለበት ወለል ላይ ለወራት ሲከማች ሻጋታው እንደ አዲስ ይሠራበታል።

ላሟ አፍላቶክሲን ቢ1 ያለበትን መኖ ስትበላ ጉበቷ ወደ ሌላ ዐይነት ይለውጠዋል፤ ይህም በወተት ስለሚወጣ አፍላቶክሲን ኤም1 ተባለ። ከበላችው መርዝ ከመቶው ከ1 እስከ 6 የሚሆነው በወተቷ ይወጣል። መርዙ መኖውን በበላች በአንድ ቀን ውስጥ በወተቷ ይታያል። በዓለም አቀፍ ሊቃውንት ግምት የኤም1 ካንሰር የማምጣት ኀይል የቢ1 አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። ይሁን እንጂ ወተት በየቀኑ የሚጠጡት በተለይ ሕፃናት ስለሆኑ ሕጎች ለወተት ከእህል ይልቅ ጠባብ ልክ አውጥተዋል። በአውሮፓ ኅብረት በኪሎ 0.05 ማይክሮግራም፣ በአሜሪካ 0.5 ማይክሮግራም ነው።

በ2015 ውጤቱ የታወቀው የዓለም አቀፉ የእንስሳት እርባታ ምርምር ድርጅት ጥናት ይህንን በከተማው ላይ አሳይቷል። ናሙናዎቹ የተሰበሰቡት ከአዲስ አበባ፣ ከሰበታ፣ ከደብረ ዘይት፣ ከሰንዳፋና ከሱሉልታ ነው። ሰበታ ከፉሪ በዚያው መንገድ የምትገኝ ከተማ እንደ ሆነች ለአካባቢው ነዋሪ መንገር አያስፈልግም። ከ110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም መርዙ ተገኘ። በአውሮፓ ልክ የሚያልፉት 9 ብቻ ሲሆኑ፣ 29ኙ የአሜሪካንን ሰፊ ልክ እንኳ አልፈዋል፤ ከፍተኛው በሊትር 4.98 ማይክሮግራም ነበር። በተመረመረው መኖ የቢ1 መጠን በኪሎ ከ7 እስከ 419 ማይክሮግራም ደረሰ፤ ዋናው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ።

ወሬው በከተማው በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰዎች ወተት ከመግዛት ተቆጠቡ። ከዚህም የተነሣ በሐቀኝነት የሚሠራው ላም አርቢና ደኅናውን ወተት የሚሸጠው ባለሱቅ፣ ጥፋተኛ ከሆነው ጋራ እኩል ተጎዱ። በንግድ ላይ የሚደርሰው ክፉ ነገር ይህ ነው፤ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይ ምልክት በሌለበት ገበያ ሕዝቡ ሁሉን ይጠራጠራል፤ ንጹሑም ዋጋውን ያጣል።

ይሁን እንጂ በዚሁ ጉዳይ ውስጥ ታላቅ ተስፋ አለ። የተመረዘው መኖ የተከለከለች ላም በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ወተቷ ይጠራል። ስለዚህ የወተቱ መፍትሔ ያለው በወተት ቤቱ ሳይሆን በመኖ መደብሩ ነው። ፋጉሎውን በእንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጦ ከወለልና ከግድግዳ ማራቅ፣ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ መሸጥ፣ የሻገተውን ከደኅናው ጋራ አለመቀላቀል፣ መኖ አቀነባባሪም ፋጉሎውን በሌላ ገንቢ መኖ ማመጣጠን ከዚህ የሚጀምሩ ሥራዎች ናቸው።

የውጭ ገበያ በር

ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ ሁኔታው ይለያል። እርሱን የሚፈርድበት የወደብ ላቦራቶሪ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬና ለመሰል ቅመሞች የፈቀደው አፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ አራቱ ዐይነቶች ተደምረው 10 ማይክሮግራም ነው። በቀጥታ ለሚበላ ኦቾሎኒ ደግሞ ልኩ 2 እና 4 ማይክሮግራም ነው። የዚህን ጥብቅነት በምሳሌ ማየት ይቻላል። በኪሎ 10 ማይክሮግራም ማለት በአንድ ኩንታል በርበሬ ውስጥ 1 ሚሊግራም ማለት ነው። አንድ የስንዴ ፍሬ 30 ሚሊግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ከአንድ የስንዴ ፍሬ የማይበልጥ መርዝ 30 ኩንታል በርበሬን ከልኩ ዳርቻ ያደርሰዋል።

በ2019 የወጣው የኅብረቱ የቁጥጥር ደንብ ከኢትዮጵያ የሚሄዱትን ደረቅ ቅመሞች ስለ አፍላቶክሲን ልዩ ምርመራ ከሚደረግባቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ያገባቸው ሲሆን፣ በወቅቱ የተወሰነው ከሚደርሱት ጭነቶች ግማሹ በወደብ እንዲመረመር ነበር። ናሙና የመውሰድ ወጪ፣ በወደብ የመቆየት ኪራይና ከተጣለ በኋላ የመመለስ ወይም የማጥፋት ኪሳራ የሚወድቀው በዕቃው ባለቤት ላይ ነው። በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በርበሬና ሽሮ የሚልኩ ነጋዴዎች ይህ ደንብ በቀጥታ ይነካቸዋል።

ቡናም ከዚህ ውጭ አይደለም። በቡና ላይ የሚፈራው ኦክራቶክሲን ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2023 ጀምሮ ለተቆላ ቡና የፈቀደውን ልክ በኪሎ ከ5 ወደ 3 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል። ቡናውን በአልጋ ላይ እያገላበጡ ሳይዘገዩ ማድረቅ፣ ከመሬት ለቅሞ የተገኘውን ከዛፍ ከተለቀመው መለየት፣ ገለባውንም በሚገባ ማስወገድ የሚጠቅመው መርዙ በገለባው ላይ ስለሚበዛ ነው።

ናሙና መውሰድም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። መርዙ በጭነቱ ውስጥ እንደ ጨው በወጥ እኩል አይሰራጭም፤ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ይከማቻል። አንዲት የተበላሸች የኦቾሎኒ ፍሬ ብቻዋን በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ንጹሕ ፍሬዎችን ልታስጥል ትችላለች። ከአንድ ጆንያ አፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ ማስመርመር ስለዚህ ምንም አያስረዳም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ሥርዓት ለኦቾሎኒ ከጭነቱ ልዩ ልዩ ቦታ ተሰብስቦ 20 ኪሎ የሚደርስ ናሙና እንዲፈጭ የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ በጥቂት እፍኝ ተመርምሮ ያለፈ ዕቃ በአውሮፓ ወደብ ቢወድቅ ላቦራቶሪዎቹ ተጣሉ ማለት አይደለም፤ የተመረመሩት ፍሬዎች ስለ ተለያዩ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይታሰበው የመንገዱ ጠባይ ነው። ዕቃው በደጋው ብርድ በብረት ኮንቴይነር ተጭኖ ወደ ጅቡቲ ሙቀት ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ቀዝቃዛ ባሕር ይሻገራል። በሙቀቱ ጊዜ ከእህሉ የሚወጣው ትነት በብርዱ ጊዜ በኮንቴይነሩ ጣራ ላይ ወደ ውሃ ተለውጦ በጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ደርቆ የተጫነ ዕቃ፣ ደረቅ የእንጨት ወለል፣ በጣራው ሥር የተዘረጋ ወፍራም ወረቀትና እርጥበት የሚመጥ ጨው ይህን ጉዳት ይከላከላሉ።

ውሃ በሚዛን ላይ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ነጥብ ላይ ይሰናከላል፤ ይኸውም በሚዛን ላይ ነው። እህልና ቅመም የሚሸጠው በክብደት ስለሆነ፣ በደንብ ያደረቀ ገበሬ ውሃውን ለፀሐይ ሰጥቶ ከገንዘቡ ይጎድልበታል፤ ያላደረቀው ግን ውሃውን በእህል ዋጋ ይሸጣል። በበርበሬ ላይ ደግሞ የከፋ ልማድ ይታያል። ደረቅ በርበሬ በመጠቅጠቅ ጊዜ እንዳይሰባበር፣ አንዳንድ ጊዜም ክብደት ለመጨመር፣ ውሃ ይረጭበታል። ከዚያም እርጥቡ በርበሬ በጆንያ ታፍኖ በሞቃት መኪና ላይ ቀናት ያሳልፋል። ሻጋታ ለማልማት ከዚህ የተሻለ ዘዴ ሊገኝ አይችልም።

በዚህ ጉዳይ ገበሬውን ብቻ መውቀስ ፍርድ አይሆንም። ለደረቀውና ለእርጥቡ እኩል ዋጋ የሚከፍል ነጋዴ፣ ውሃ እንዲረጭ ራሱ ያዘዘ ያህል ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ይዞ የሚገዛ፣ ለደረቀው በኩንታል ጥቂት ብር የሚጨምርና እርጥቡን የሚመልስ ነጋዴ ግን ከብዙ ስብከት የበለጠ ሥራ ይሠራል። የጨመረውንም ብር የሚያወጣው ከወደብ ከማይመለሰው ጭነት ነው።

ለየነጋዴው የሚገባው ጥንቃቄ

ባለሱቁ ሽሮና በርበሬ ተፈጭቶ ከመግዛት ይልቅ ፍሬውንና ዛላውን አይቶ፣ አስለቅሞ ቢያስፈጭ ይሻለዋል፤ ወፍጮ ምስክርን ያጠፋልና። ከተፈጨ በኋላ አንድ የሻገተ ዛላ ከመቶ ደኅና ዛላ የሚለይበት መንገድ የለም። ኦቾሎኒ የሚሸጥም የጨመተረውን፣ ቀለሙ የጠቆረውንና የተሰነጠቀውን ማስለቀም ይገባዋል፤ የመርዙ አብዛኛው ክፍል በእነዚህ ላይ ይገኛልና። የተለቀመው ግን በርካሽ ለመኖ ወይም ለለውዝ ቅቤ መሸጥ የለበትም። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ መርዙ ከገበያ አልወጣም፤ ወደ ድኻው ገበታና ወደ ላሟ ገንዳ ተዛወረ እንጂ።

እህል የሚያከማች ነጋዴ አየር የማያስገባው ባለሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዝን ያለ መድኀኒት እንደሚያጠፋ ማወቅ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ከረጢቱ እህልን አያደርቅም፤ እርጥብ የገባበት እህል በውስጡ ይበላሻል። ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ በበኩሉ ከላኪው የአፍላቶክሲን ምርመራ ወረቀት በውሉ ውስጥ እንዲጨመር መጠየቅ አለበት፤ የእንግሊዝ ዶሮ አርቢዎች በ1960 የደረሰባቸው ጉዳት የመጣው ከገቢ ዕቃ መሆኑን አይዘነጋም። ለአስመጪዎችም የንግድ ዕድል አለ። የእርጥበት መለኪያዎች፣ ፈጣን የመመርመሪያ ወረቀቶችና አየር የማያስገቡ ከረጢቶች በገጠር ገበያዎች በብዛት ሊፈለጉ የሚገባቸው ዕቃዎች ናቸው። በናይጄሪያ፣ በኬንያና በሴኔጋል ደግሞ መርዝ የማይሠራውን የዚያኑ ሻጋታ ዘር በማሳ ላይ በመበተን መርዘኛውን ከቦታው የሚያስለቅቅ አፍላሴፍ የተባለ ዘዴ ለገበሬዎች ቀርቧል።

በአጭሩ፣ የሻጋታ መርዝ ከማሳ እስከ ወደብ በብዙ እጆች ያልፋል፤ በየእጁም ላይ የመከላከያ ጊዜ አለው። ገበሬው በማድረቅ፣ መኖ ሻጩ በማከማቸት፣ ባለሱቁ በመልቀም፣ ላኪው ናሙናውን በሚገባ በማስመርመር ሊያቆሙት ይችላሉ። አንዱ ቸል ባለ ጊዜ ግን የሌሎቹ ድካም ሁሉ ይጠፋል። በፉሪ ጎዳና ላይ ወተት ለልጁ የሚገዛው አባትና በአውሮፓ ወደብ በርበሬ የሚመረምረው ሹም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው በእውነት እንደሚባለው ንጹሕ መሆኑን ነው። ለዚህ ጥያቄ በመታመን መልስ የሚሰጥ ነጋዴ ገበያው አይከስርም።